ስለ ትምህርትና ስለ ምግብ ቤት እያወሩ እንግሊዝኛ መናገርን መልመድ

ብዙ ሰው ሰዋስው ያውቃል፣ ያነበበውን ይረዳል፣ ፈተናም ያልፋል፤ አንድ ሰው ዞር ብሎ «ሃው ዎዝ ስኩል?» ሲለው ግን አፉ ይተሳሰራል። ይህ መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ችግሩ የዕውቀት ማነስ አይደለም። በአማርኛ አስቦ፣ ተርጉሞ፣ ሰዋስውን አርሞ እስኪጨርስ ጨዋታው ያልፈዋል። መፍትሔው ርእስ ማጥበብ ነው። በሃያ ርእስ ላይ ጥቂት ጥቂት ከመንተባተብ፣ ሐረጎቹ ሳይታሰቡ ከአፍ እስኪወጡ ድረስ ሁለት ርእስ ላይ መመላለስ ይበልጥ ያዋጣል።

ሁለቱን ርእሶች የመረጥናቸው ስለሚደጋገፉ ነው። ትምህርት ሁሉም ያለፈበት ስለሆነ የሚወራ አይጠፋም፤ ያለፈ ጊዜን፣ ሰው መግለጽን፣ አስተያየት መስጠትን ያስለምዳል። ምግብ ቤት ደግሞ አጭር ልውውጥ ነው፦ በጨዋነት መጠየቅ፣ ቁጥር መስማት፣ ቶሎ የሚናገር ሰውን መከተል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። እንግሊዝኛውን በፊደላችን የጻፍነው ለዓይን እንዲቀል ብለን ነው እንጂ ፊደላችን የእንግሊዝኛን ድምፅ ሁሉ አይሸከምም። ስለዚህ አዲስ ሐረግ ሲገጥማችሁ ድምፅ በሚያሰማ የመዝገበ ቃላት መተግበሪያ ሳትሰሙ ወደ ልምምድ አትግቡ። በስሕተት የተለመደ ድምፅ በኋላ ለማስተካከል ያስቸግራል።

የሚያስፈልገው

ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ ሰዓት ቆጣሪ፣ አንድ ደብተርና አንድ የልምምድ ጓደኛ ይበቃል። ጓደኛችሁ ከእናንተ የተሻለ እንግሊዝኛ ባይችልም ችግር የለም፤ ዋናው ሥራው ማዳመጥና መጠየቅ ነው። ጓደኛ ካልተገኘ በድምፅ የሚያወራ የኤአይ መተግበሪያ ሊተካ ይችላል። እሱ ግን የተሰባበረውንም ዓረፍተ ነገር ስለሚረዳና ስለማይሰለች እውነተኛውን ጫና አያሳያችሁም፤ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከሰው ጋር ለማውራት ሞክሩ።

በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን መድቡ። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ለትምህርት፣ ቀጣዮቹን 2 ለምግብ ቤት ስጡ፤ ከዚያ ሁለቱን ቀላቅሉ። እሑድ ብቻ ለ3 ሰዓት መቀመጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የመሥራትን ያህል አይሠራም፤ በመሀል ያለው ቀን ያስረሳል።

ደረጃ 1፦ የምታወሩትን አዘጋጁ

ስለ ትምህርታችሁ 12 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፦ የት እንደተማራችሁ፣ ምን እንደምትወዱና እንደምትጠሉ፣ የማትረሱት መምህር፣ የከበዳችሁ ፈተና፣ አሁን የምታጠኑት ወይም ልታጠኑ የምትፈልጉት። ረጅም የአማርኛ አንቀጽ ጽፋችሁ አትተርጉሙ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ ገላጩንም ከስሙ በፊት ይደረድራል፤ በዚያው ቅደም ተከተል ወደ እንግሊዝኛ ከገባችሁ መሀል ላይ ትቀራላችሁ።

ለምሳሌ «ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ ያስተማረን መምህር በጣም ጥብቅ ነበር» ማለት ፈለጋችሁ እንበል። በዚህ ቅርጽ ለመናገር የሚሞክር ሰው «ፍሮም ግሬድ ናይን…» ብሎ ይጀምርና ማን ምን እንዳደረገ ሳይናገር ይቆማል። ሰብሩት፦ «ዊ ሃድ ኤ ማዝ ቲቸር። ሂ ቶት አስ ፍሮም ግሬድ ናይን። ሂ ዎዝ ቬሪ ስትሪክት።» ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ሆኑ፤ እያንዳንዱ በባለቤት ይጀምራል፣ ግሡ ይከተላል። ሲነገር የልጅ ወሬ አይመስልም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ሲያወሩ በአብዛኛው እንዲህ ቆራርጠው ነው። ማያያዝ የሚመጣው ቆይቶ «ሶ»፣ «በት» እና «ቢኮዝ» ሲጨመሩ ነው።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ባለቤቱን መዋጥ ነው። አማርኛ ላይ «ከባድ ነበር» ብሎ ማለፍ ይቻላል። እንግሊዝኛ ላይ ግን «ዎዝ ዲፊከልት» ጎዶሎ ነው፤ «ኢት ዎዝ ዲፊከልት» መባል አለበት። 12ቱን ዓረፍተ ነገሮች ጽፋችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱ በምን እንደሚጀምር ብቻ ተመልከቱ።

ደረጃ 2፦ አማርኛ የሚያሳስታቸውን የትምህርት ሐረጎች አስተካክሉ

«አስረኛ ክፍል እማራለሁ» ለማለት «አይ ለርን ግሬድ ቴን» አይባልም። «አይም ኢን ግሬድ ቴን» ነው። አሜሪካኖች «ቴንዝ ግሬድ» ሲሉ እንግሊዞች «ይር» የሚለውን ቃል ይዘው ይቆጥራሉ፤ ዕድሜውም በአንድ ዓመት ገደማ ስለሚለያይ የእንግሊዙ «ይር ቴን» ከአሜሪካው «ቴንዝ ግሬድ» ጋር እኩል አይደለም። የትምህርት ዘርፍን ስትናገሩ «ለርን» ሳይሆን «ስተዲ» ተጠቀሙ፦ «አይም ስተዲዪንግ አካውንቲንግ»። ተመርቄያለሁ ለማለት «አይ ግራጁዌትድ ፍሮም» በሉና የተቋሙን ስም አስከትሉ፤ «ፍሮም» አትውደቅባችሁ።

«ሆምወርክ» አይበዛም። «ሆምወርክስ» የሚል ቃል የለም፤ «ኤ ሎት ኦፍ ሆምወርክ» ወይም መቁጠር ካስፈለገ «ቱ አሳይመንትስ» ነው። «ኢንፎርሜሽን» እና «አድቫይስ»ም እንደዚሁ ናቸው።

«ኤክስፕሌይን ሚ» ስሕተት ነው፤ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» በሉ። «ዲስከስ» ደግሞ «አባውት» አይከተለውም፦ «ዊ ዲስከስድ ዘ ኤግዛም»። መዋስና ማዋስ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ተቀባዩ «ቦሮው»፣ ሰጪው «ሌንድ» ነው፤ ስለዚህ እስክሪብቶ ስትጠይቁ «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን?» ወይም «ካን ዩ ሌንድ ሚ ዩር ፔን?» እንጂ «ካን ዩ ቦሮው ሚ» አይሆንም።

ፈተና መፈተን «ቴክ አን ኤግዛም» ነው፤ እንግሊዞች «ሲት»ም ይላሉ። መውደቅ «ፌል» ነው፦ «አይ ፌልድ ማዝ»። መጨረሻ ላይ ያለችው «ድ» ከተዋጠች ያለፈው ጊዜ ይጠፋል። አሜሪካኖች ሒሳብን ያለ «ስ» ይጠሩታል፣ እንግሊዞች በ«ስ» ይጨርሱታል፤ አንዱን ይዛችሁ ቀጥሉ። «ፐብሊክ ስኩል» ግን ያደናግራል፦ አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ክፍያ የሚጠይቅ የግል ትምህርት ቤት ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ አፋችሁን አሠልጥኑ

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ሥሩ፤ ሌላው በጊዜ ይስተካከላል።

አንደኛ፣ «ስኩል» ፊት ላይ «እ» አትጨምሩ። «እስኩል»፣ «እስቱደንት»፣ «እስፑን» የሚለው አነጋገር ከአማርኛ የመጣ ልማድ ነው። ለማስወገድ «ስስስ» ብላችሁ ሁለት ሰከንድ ያህል ያዙና ሳታቋርጡ «ኩል» በሉ። «ስስስኩል» ካላችሁ በኋላ ቀስ በቀስ አሳጥሩት።

ሁለተኛ፣ «ቲንክ» እና «ስሪ» ብለን የምንጽፋቸው ቃላት መጀመሪያ ላይ ያለው ድምፅ አማርኛ የለውም፤ «ት»ም «ስ»ም አይደለም። የምላሳችሁን ጫፍ በላይና በታች ጥርሶቻችሁ መካከል በጥቂቱ አውጡና አየር ንፉ። መስታወት ፊት ሥሩት፤ ምላስ ካልታየ አልሠራችሁትም። ስልካችሁ ላይ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን መሣሪያ በእንግሊዝኛ አስተካክላችሁ ቃሉን ለብቻው ተናገሩ። ማሰብ ለማለት «ቲንክ» ብላችሁ «ሲንክ»፣ ማለትም መስመጥ ወይም መታጠቢያ ሳህን የሚል ቃል ከጻፈላችሁ ድምፁ ገና ነው። በሙሉ ዓረፍተ ነገር አትሞክሩት፤ ስልኩ ከዐውዱ ገምቶ ያርምላችኋል።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያውቀው «ካን» ነው። በአዎንታ ሲነገር ይደክማል፣ «ክን» ይመስላል፤ ክብደቱ ቀጥሎ ባለው ግሥ ላይ ያርፋል፦ «አይ ክን ኢት ኢት»። አሉታው ግን ሙሉ ድምፅ አለው። አማርኛ ተናጋሪ አዎንታውን አጠንክሮ «ካን» ሲል፣ በተለይ አሜሪካዊ አድማጭ «አልችልም» ያለ ይመስለዋል። «እችላለሁ» ብላችሁ የሚያዝንላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

ደረጃ 4፦ መልስ፣ አንድ ዝርዝር፣ ጥያቄ

ጨዋታ የሚሞተው በስሕተት ሳይሆን በ«የስ» እና «ኖ» ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ነገር የመስጠት ልማድ አውጡ፦ መልሱን፣ አንድ ዝርዝር ነገር፣ ከዚያ የመልስ ጥያቄ። «ዲድ ዩ ላይክ ስኩል?» ሲባል «የስ፣ ሞስትሊ። አይ ላቭድ ባዮሎጂ፣ በት አይ ዎዝ ቴሪብል አት ድሮዊንግ። ዋት አባውት ዩ?» ማለት ይበቃል። «ጉድ አት»፣ «ባድ አት»፣ «ቴሪብል አት» ሁሉም «አት» ነው የሚከተላቸው፤ «ኢን» አይደለም።

ጓደኛችሁ በበኩሉ ከእነዚህ አንዱን ይጣል፦ «ሪሊ? ዋይ?»፣ «ዋት ሃፐንድ ዜን?»፣ «ዋት ዎዝ ዩር ቲቸር ላይክ?»። የመጨረሻው ወጥመድ አለበት። «ምን ይወድ ነበር?» ሳይሆን «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ማለት ነው። «ፉትቦል» ብሎ የሚመልስ ሰው ብዙ ነው።

አሉታዊ ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስታል። «ሒሳብ አትወድም ነበር?» ስንባል «አዎ፣ አልወድም ነበር» እንላለን፤ አዎ የምንለው ጠያቂው ላለው ነው። እንግሊዝኛ ጠያቂውን አያይም፤ የራስን ግሥ ነው የሚያየው። ግሣችሁ አሉታ ከሆነ «ኖ» ነው፦ «ዲድንት ዩ ላይክ ማዝ?» ሲባል «ኖ፣ አይ ዲድንት»። «የስ፣ አይ ዲድንት» ያለ ሰው አድማጩን ግራ ያጋባል። ይህን በቀን 10 ጥያቄ እየተጠያየቃችሁ ለአንድ ሳምንት ሥሩ፤ በማወቅ ብቻ አይለወጥም፣ ምላስ መልመድ አለበት።

ደረጃ 5፦ በሰዓት ማጥበብ

4/3/2 በሚል የሚታወቀው ልምምድ ለዚህ ጥሩ ነው። አንዱን ታሪክ፣ ለምሳሌ የማትረሱትን የፈተና ቀን፣ መጀመሪያ በ4 ደቂቃ፣ ከዚያ በ3፣ ከዚያ በ2 ደቂቃ ተናገሩ። ቢቻል በየጊዜው ለተለያየ ሰው፣ ካልሆነም ለስልክ መቅጃ። 4 ደቂቃ የሚከብዳችሁ ከሆነ ከ2 ደቂቃ ጀምራችሁ ወደ አንድ ተኩል፣ ከዚያ ወደ 1 ውረዱ።

ሰዓቱ ሲያጥር ቃላት እያጣደፉ መዋጥ ትርፍ የለውም። መቀነስ ያለበት መሀል ላይ ያለው ዝምታና «እ…እ…» ነው። ሌላው ስሕተት ጽሑፉን መሸምደድ ነው፤ የሸመደደ ሰው መሀል ላይ ጥያቄ ሲመጣበት እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። በደብተር ላይ ከ5 ቁልፍ ቃላት በላይ አትያዙ።

አይኤልትስ ለሚባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ከዚህ ደረጃ ብዙ ያተርፋል። የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ስለ ትምህርትና ሥራ የመሳሰሉ የተለመዱ ጉዳዮች ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ 1 ደቂቃ ተዘጋጅቶ እስከ 2 ደቂቃ ብቻውን መናገርን።

ደረጃ 6፦ ከበሩ እስከ ሂሳቡ

ለምግብ ቤቱ ልምምድ አንዱ አስተናጋጅ፣ ሌላው ደንበኛ ሁኑ፣ በየ10 ደቂቃው ተቀያየሩ። መለማመጃ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ደንበኛው የሚለውን ያስጠናሉ። ሰውን የሚያደናቅፈው ግን አስተናጋጁ የሚለው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲደጋግመው ስለሚውል ቃላቱን አጣብቆ ይናገረዋል። «ውድ ዩ» «ውጁ»፣ «ዲድ ዩ» «ዲጁ» ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የአስተናጋጁን ሚና የሚጫወተው ሰው ቀስ ብሎ አያውራ።

ስትገቡ «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ሬዘርቬሽን?» ልትባሉ ትችላላችሁ። ካላስያዛችሁ፦ «ኖ፣ ዊ ዶንት። ኤ ቴብል ፎር ቱ፣ ፕሊዝ።» ከተቀመጣችሁ በኋላ «አር ዩ ሬዲ ቱ ኦርደር?» ይመጣል፤ ካልወሰናችሁ «ኩድ ዊ ሃቭ ኤ ፊው ሞር ሚነትስ?» በሉ። ቆሞ ለሚያዝ ሰው የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አሜሪካ ውስጥ «ፎር ሂር ኦር ቱ ጎ?»፣ እንግሊዝ ውስጥ «ኢት ኢን ኦር ቴክ አዌይ?»። ሁለቱም እዚሁ ትበላላችሁ ወይስ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ ማለት ነው።

ስታዝዙ «አይ ዋንት» እና «ጊቭ ሚ» ተዉ። አማርኛ አክብሮቱን ግሡ ላይ ያስቀምጠዋል፤ «ያምጡልኝ» ስንል ትእዛዝ ቢሆንም ጨዋ ነው። እንግሊዝኛ አንተም አንቺም እርስዎም አንድ «ዩ» ስለሆነ አክብሮቱ ወደ ሌላ ቃል ይሸሻል፦ «አይል ሃቭ ዘ ፊሽ፣ ፕሊዝ»፣ «ኩድ አይ ጌት ሰም ዎተር፣ ፕሊዝ?»፣ «አይድ ላይክ ዘ ሱፕ»። አስተናጋጅ ለመጥራት ዓይኑን ጠብቃችሁ «ኤክስኪዩዝ ሚ» በቂ ነው።

ውኃ ስትጠይቁ «ስቲል ኦር ስፓርክሊንግ?» ይሏችኋል፤ ጋዝ የሌለው «ስቲል» ነው። ስቴክ ካዘዛችሁ አበሳሰሉን ይጠይቃሉ፤ በደንብ የበሰለ «ዌል ደን» ነው። ሜኑ ላይ «አንትሬ» የሚለው ቃል አሜሪካ ውስጥ ዋናው ምግብ፣ አውስትራሊያ ውስጥ መክፈቻው ነው። «ቺፕስ» ለእንግሊዝ ትኩስ የድንች ጥብስ፣ ለአሜሪካ በከረጢት የሚሸጠው ስስ ደረቅ ድንች ነው። አሜሪካዊ አስተናጋጅ «አር ዩ ስቲል ወርኪንግ ኦን ዛት?» ካለ ስለ ሥራችሁ አይደለም የጠየቀው፤ ሳህኑን ላንሣ ወይስ ገና እየበላችሁ ነው ማለቱ ነው።

የማይስማማችሁ ምግብ ካለ ከማዘዛችሁ በፊት ተናገሩ፦ «አይም አለርጂክ ቱ ናትስ። ዳዝ ዚስ ሃቭ ናትስ ኢን ኢት?» የአስተናጋጁን መልስ በደንብ ካልሰማችሁ አትገምቱ፤ አስደግሙት። ይህ ለጨዋነት ብላችሁ ዝም የምትሉበት ቦታ አይደለም።

ቅሬታ ስታቀርቡ «አይም አፍሬይድ» የሚለው ሐረግ ይረዳችኋል። እዚህ ላይ ፍርሃት የለም፤ «ይቅርታ ግን» እንደማለት ነው፦ «አይም አፍሬይድ ዚስ ኢዝ ኤ ቢት ኮልድ»። ያላዘዛችሁት ከመጣ፦ «ሶሪ፣ አይ ቲንክ አይ ኦርደርድ ዘ ቺክን»። «ቬሪ» እና «ቱ»ንም ለዩ። «ቬሪ ስፓይሲ» በጣም ያቃጥላል ነው፣ ምስጋናም ሊሆን ይችላል፤ «ቱ ስፓይሲ» ግን ከልክ አልፏል፣ አልበላውም ማለት ነው።

ሂሳብ አሜሪካ ውስጥ «ዘ ቼክ፣ ፕሊዝ»፣ እንግሊዝ ውስጥ «ዘ ቢል፣ ፕሊዝ»። ለየብቻ ለመክፈል «ካን ዊ ፔይ ሴፐረትሊ?»፣ እኔ ልጋብዝ ለማለት «ኢትስ ኦን ሚ»። ደረሰኝ «ሪሲት» ነው፤ ሲጻፍ ያለው የ«ፕ» ፊደል አይነበብም፣ የምግብ አሠራር ከሚለው «ሬሲፒ» ጋር አታምታቱት። «ሱፕ» ሾርባ፣ «ሶውፕ» ሳሙና ነው። ቁጥር ላይ ደግሞ 15 ሁለተኛውን ክፍል ይጫናል፣ 50 የመጀመሪያውን፦ «ፊፍቲይን»፣ «ፊፍቲ»። ከተጠራጠራችሁ «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ልምምዱ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተደገመ ይሰለቻል፣ ሁሉም ነገር ስለሚሳካ። ስለዚህ 8 ወረቀቶች ቁረጡና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ችግር ጻፉ፦ ያዘዛችሁት አልቋል፣ ሌላ ምግብ መጣ፣ ሂሳቡ ላይ ያልበላችሁት ተጨመረ፣ ወንበሩ የተያዘ ነው፣ ሳህኑ ላይ የማይስማማችሁ ነገር አለ… አስተናጋጁ አንዱን ስቦ ለደንበኛው ሳያሳይ ይጫወተው። «ዊር አውት ኦፍ ዘ ፊሽ» ሲባል ሳያስቡ «ኦኬይ፣ ዋት ዱ ዩ ሬኮሜንድ?» ማለት የቻለ ሰው ለእውነተኛው ቦታ ደርሷል።

ደረጃ 7፦ ሳትሰሙ ስትቀሩ

«ዋት?» ብሎ ማፍጠጥ ቁጣ ይመስላል፤ «የስ፣ የስ» ብሎ ማለፍ ደግሞ ያልፈለጋችሁትን ምግብ ያስመጣል። ይልቅ የሰማችሁትን ደግማችሁ ያመለጣችሁን ቦታ ብቻ ክፍት አድርጉት፦ «ሶሪ፣ ዘ ፊሽ ካምዝ ዊዝ ዋት?»። ተናጋሪው ሁሉንም ከመድገም ያቺን ቃል ብቻ ይነግራችኋል። ይህ አንድ ዘዴ ከመቶ አዳዲስ ቃላት ይበልጣል ብንል አላጋነንም። ሌላ ሐረግ ካስፈለገ «ሶሪ፣ ዋት ዎዝ ዛት?» ይበቃል።

«ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» ብሎ ለጠየቀ ሰው «የስ» ካላችሁ ከልክላችሁታል፤ ጥያቄው «ቅር ይልሃል?» ነው። እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ «ኖ፣ ኖት አት ኦል»። ሌላ ነገር ልጨምር ተብላችሁ «አይም ጉድ፣ ቴንክስ» ካላችሁ ደግሞ አይበቃኝም ሳይሆን በቃኝ ብላችኋል።

ደረጃ 8፦ ሁለቱን ማቀላቀል

ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ። ሁለቱ ስለ ትምህርት ያውጉ፤ ሦስተኛው አስተናጋጅ ሆኖ በየ2 ደቂቃው ወሬያቸውን ያቋርጥ፦ ትእዛዝ ይቀበል፣ ያለቀ ምግብ ይንገር፣ ሳህን ላንሣ ይበል። ከእሱ ጋር ጨርሳችሁ ወደ ወሬው መመለስ አለባችሁ። ተናጋሪው «ዌር ዎዝ አይ?» ይላል፤ አድማጩ «ዩ ወር ቴሊንግ ሚ አባውት ዩር ቲቸር» ብሎ ያስታውሰዋል። ከባድ የሚሆነው ጊዜውን መለወጥ ነው፦ ወሬው ባለፈ ጊዜ፣ ትእዛዙ በአሁን። የሚሳሳት ሰው አስተናጋጁን «አይ ሃድ ዘ ሱፕ» ይለዋል፤ ያን ጊዜ ሾርባውን በልቶታል ማለት ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ የ3 ደቂቃ ቅጂ አዳምጡና አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ምረጡ። ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ የግሥ ጊዜ፣ ቀጥሎ የቃላት አቀማመጥ፣ ከዚያ ድምፅ። «ኤ» እና «ዘ»ን መጨረሻ ላይ አድርጓቸው፤ ቢሳሳቱም ሰው ይረዳችኋል፣ የሚስተካከሉትም ብዙ በመስማት ነው። የልምምድ ጓደኛችሁ እየተናገራችሁ አያርማችሁ፤ ማስታወሻ ይያዝና ሲያልቅ ይንገራችሁ።

ቅጂው ላይ ከ3 ሰከንድ የሚረዝም ዝምታ ካጣችሁ፣ ከችግር ወረቀቶቹም አምስቱን ያለ አማርኛ ከተወጣችሁ፣ ርእስ ቀይሩ። ከትምህርት ወደ ሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ከምግብ ቤት ወደ ሆቴል መሄድ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ግማሹ ሐረግ እጃችሁ ላይ አለ።